ከቀለም በፊት ቀዳዳ፤ አሮጌ የሸራ ጀልባን ለውቅያኖስ ስለማደስ

ጤና ይስጥልኝ። የዛሬው ርእሳችን ዕድሜው ከ40 ዓመት ያለፈ የሸራ ጀልባ ገዝቶ፣ አድሶ፣ ቤት አድርጎ ውቅያኖስ ማቋረጥ ነው። በደፈናው ከምናወራ አንድ ጀልባ እንያዝና በእሱ ላይ እንነጋገር። ዌስትሴል 32 ይባላል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ1971 ጀምሮ ሲመረት ቆይቶ ወደ 830 የሚጠጋ ተሠርቷል። ርዝመቱ 32 ጫማ፣ ማለትም 9.75 ሜትር ብቻ ነው፤ ክብደቱ ግን 9 ቶን ይጠጋል፤ ከዚህ ውስጥ 3.2 ቶን ያህሉ ታች ኪሉ ውስጥ፣ ማለትም ከሥሩ ባለው አከርካሪ ውስጥ፣ የተቀመጠ ሚዛን መጠበቂያ ክብደት ነው። ንድፉ ከኖርዌይ የነፍስ አድን ጀልባዎች የወረደ ነው። ከዚሁ ዘር የሆነችው «ሱሃይሊ» ናት ሮቢን ኖክስ ጆንስተንን ብቻውን ይዛ በ1968 ከእንግሊዝ ተነሥታ፣ የትም ወደብ ሳትቆም በ312 ቀን ዓለምን ዞራ የተመለሰችው። ዌስትሴል ቀርፋፋ ነው፤ ነፋስ ሲደክም ያናድዳል። ጥንካሬው ግን አያከራክርም።

ማስረጃ ከተፈለገ የኦክቶበር 1991ን ታላቅ አውሎ ነፋስ እናንሣ። «ሳቶሪ» የተባለች ዌስትሴል 32 አትላንቲክ ላይ በዚያ ማዕበል ተያዘች፤ ተሳፋሪዎቿን የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ በሄሊኮፕተር አነሣቸው። ጀልባዋ ባዶዋን ቀርታ ስትዋልል ሰንብታ ሜሪላንድ የባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ ተቀምጣ ተገኘች፤ አልሰመጠችም። ስለዚህ አሮጌ ጀልባ ስትገዙ ቀፎው ብዙ ጊዜ አያሳስባችሁም። ወፍራም ፋይበር ግላስ በቀላሉ አያረጅም። የሚያረጀው ቀፎው ላይ የተሰካው፣ የተበሳው፣ በብሎን የተያዘው ነገር ሁሉ ነው፤ ያ ደግሞ በአብዛኛው ከዓይን የተሰወረ ነው።

እድሳት የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ሰው ገንዘቡን ዓይን በሚያይበት ያፈሳል፤ አዲስ ፍራሽ፣ አዲስ ቀለም፣ ትልቅ ስክሪን። ጀልባው እንደ ሙሽራ አምሮ ይወጣና ከ45 ዓመት በፊት የገጠሙት ቫልቭ ግን እዚያው አለ። የእኛ ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ውሃ እንዳይገባ፣ ቀጥሎ ምሰሶው እንዳይወድቅ፣ ቀጥሎ መሪው እንዳይሰበር፣ ከዚያ ሞተርና ኤሌክትሪክ፣ ምቾት በመጨረሻ። ገንዘቡ መንገድ ላይ ካለቀ፣ ማለቁ ደግሞ አይቀርም፣ የጎደለው ምቾት ይሆናል ማለት ነው።

ከቀፎው ቀዳዳዎች እንጀምር። ለመጸዳጃ፣ ለዕቃ ማጠቢያ፣ ለሞተር ማቀዝቀዣ፣ ለዴክ (ለላይኛው ወለል) ውሃ መውረጃ ሲባል ከውሃ በታች አምስት ስድስት ቀዳዳ አይጠፋም። እያንዳንዱ ላይ ቫልቭ አለ፤ ቫልቩ ላይ ቱቦ፣ ቱቦው ላይ ፋሸታ። አንድ ስሌት ልስጣችሁ። ከውሃው ወለል 60 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ባለ 38 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ቱቦው ቢወልቅ፣ በደቂቃ 140 ሊትር ገደማ ይገባል። በሩብ ሰዓት 2 ቶን ማለት ነው። «በሰዓት 2,000 ጋሎን» ተብሎ የሚሸጠው የኤሌክትሪክ ፖምፓ ወረቀቱ ላይ በደቂቃ 126 ሊትር ይላል፤ ቱቦው ረዝሞ፣ ውሃውን ሽቅብ ገፍቶ፣ የባትሪው ቮልቴጅ ወርዶ ሲሠራ ግማሹን ካወጣ ጥሩ ነው። ፖምፓ የሚጠቅመው ቀዳዳውን እስክታገኙ ጊዜ ለመግዛት ነው። ስለዚህ የወለል ጣውላዎች ሁሉ ካቻቪቴ ሳያስፈልግ በእጅ የሚነሡ ይሁኑ። በማዕበል ጊዜ ተገልብጠው እንዳይወድቁ ደግሞ በግማሽ ዙር የሚከፈት መቆለፊያ ይኑራቸው።

ቫልቩ ከነሐስ የተሠራ ካልሆነ አውጥታችሁ ጣሉት። ናስ ውስጥ ዚንክ አለ፤ የባሕር ጨው ዚንኩን ቀስ በቀስ ይበላና የሚቀረው ስፖንጅ የመሰለ መዳብ ነው። በቢላ ጫር ስታደርጉት ቢጫ መሆኑ ቀርቶ ወደ ሮዝ ካደላ አብቅቶለታል፤ እጀታውን ስታዞሩት እጃችሁ ላይ ሊሰበር ይችላል። አዲስ ነው ብላችሁም አትዘናጉ። በአውሮፓ የጀልባ መመዘኛ «ዝገት የሚቋቋም» ለመባል 5 ዓመት መቆየት ይበቃል፤ ከፋብሪካ የወጣ አዲስ ጀልባም ናስ ተገጥሞለት ይሸጣል። በእያንዳንዱ የቱቦ ጫፍ ላይ ሁለት ሁለት የስቴንለስ ፋሸታ ይሁን፤ ጥራቱንም በማግኔት ሞክሩት። ብዙ ጊዜ ባንዱ ስቴንለስ፣ ማጥበቂያው ብሎን ተራ ብረት ይሆናል፤ መጀመሪያ የሚበጠሰውም ብሎኑ ነው። በየቫልቩ አጠገብ ልኩ የሆነ ሾጣጣ የእንጨት ውታፍ በገመድ ታስሮ ይንጠልጠል። አስቡት፣ በጨለማ፣ ውሃ እስከ ጉልበት ደርሶ ውታፍ መሳቢያ ውስጥ የሚፈልግ ሰው!

ዴክ ላይ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው። በሁለት የፋይበር ንጣፍ መካከል እንጨት አለ፤ እንደየጀልባው ባልሳ ወይም ኮምፐልሳቶ። ብሎን በተበሳበት ቦታ ሁሉ ማሸጊያው ሲያረጅ ውሃ ይሰርጋል፤ እንጨቱ ይበሰብሳል። በፕላስቲክ መዶሻ እየነካካችሁ ስሙ፤ ደህናው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ድፍን ያለ «ዱብ» ይላል። የበሰበሰው ሰፊ ከሆነ የላዩን ንጣፍ ቆርጦ እንጨቱን መቀየር ግድ ነው። ደህና የሆነውን ለማዳን ግን እያንዳንዱን ቀዳዳ እንዲህ እናድርግ።

ባለ 6 ሚሊ ሜትር ብሎን ከሆነ አውጡትና ቀዳዳውን በ12 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ አስፉት፤ የታችኛውን ንጣፍ ግን አትንኩ። በተጣመመ ምስማር ዙሪያውን ያለውን እንጨት አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ፈልቅቃችሁ አውጡ። እንዲደርቅ ተዉት፤ ይህን የሚዘል ሰው ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። የታችኛውን ቀዳዳ በፕላስተር ዝጉ። መጀመሪያ ቀጭኑን የኢፖክሲ ሙጫ አፍሱበት፤ እንጨቱ ይጠጣው። ገና ሳይደርቅ ዱቄት የተቀላቀለበትን ወፍራም ኢፖክሲ እስከ አፉ ሙሉት። በማግስቱ መሐሉን በ6.5 ሚሊ ሜትር ብሱት፤ አፉን በሰፊ መሰርሰሪያ ትንሽ ሰርጎድ አድርጉት። እዚያ ጎድጓዳ ውስጥ የቡቲል ማሸጊያ ጠቅልሉና ብሎኑን ክተቱ። ስታጠብቁ ከላይ ያለው ብሎን አይዙር፤ ከታች ዳዶውን ብቻ አዙሩ፤ ብሎኑ ከዞረ ማሸጊያውን ይቀደዋል። ከእንግዲህ ማሸጊያው ቢያረጅ እንኳ ውሃው ኢፖክሲ እንጂ እንጨት አያገኝም። አንድ ጀልባ ላይ እንዲህ ያለ ቀዳዳ ከመቶ በላይ ነው፤ አሰልቺ ነው፤ አቋራጭ የለውም። ሲሊኮን ግን ፈጽሞ አትጠቀሙ፤ የነካው ቦታ ላይ ከዚያ በኋላ ምንም ነገር አይጣበቅም።

ወደ ምሰሶው እንሂድ። ምሰሶውን ቀጥ አድርገው የያዙት ወጣሪ ሽቦዎች ናቸው። ለዚህ ክብደት ጀልባ 8 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነ የስቴንለስ ሽቦ ሲሆን፣ አዲስነቱ ላይ ከ5 ቶን በላይ ይሸከማል። ስቴንለስ የማይዝገው ላዩ ላይ ባለ እጅግ ስስ ሽፋን ነው፤ ሽፋኑ ራሱን የሚያድሰው ኦክሲጅን ሲያገኝ ብቻ ነው። ጨዋማ ውሃ ተኝቶ አየር በማያገኝበት ስንጥቅ ውስጥ ግን ሽፋኑ ይፈርሳል፤ ብረቱ ከውስጥ ይቦረቦራል። ለዚህ ነው ሽቦ መሐሉ ላይ የማይበጠሰው። የሚበጠሰው ጫፉ ላይ ከተጨመቀበት ማያያዣ አፍ ውስጥ ነው፤ በተለይ ከታችኛው፣ ምክንያቱም የዝናቡም የማዕበሉም ውሃ ሽቦውን ተከትሎ ወርዶ እዚያ ይጠራቀማል። አንድ ቀጭን ክር ከተበጠሰ ሽቦው በሙሉ ይቀየራል፤ ክርክር የለውም። ብዙ መድን ሰጪዎችም ሽቦው 10 ዓመት ሲሞላው ቀይሩ ይላሉ።

ሽቦዎቹ ከቀፎው ጋር የሚገናኙባቸው ጠፍጣፋ ብረቶች አብዛኛው ጀልባ ላይ ዴኩን በስተው ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ የሚበሉትም ዴኩ ውፍረት ውስጥ፣ ማንም በማያይበት ነው። ዌስትሴል ላይ ከቀፎው ውጪ በብሎን የተያዙ ስለሆኑ ይታያሉ፤ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ቢሆንም አንድ በአንድ አውጥታችሁ የብሎኑን አንገት እዩ። የዌስትሴል እውነተኛ ድካም ፊትና ኋላ ላይ ነው። ከአፍንጫው ወደ ፊት የሚወጣው ወፍራም እንጨት ከብሎኖቹ ሥር ይበሰብሳል። ያንን እንጨት ወደ ታች የሚጎትተው ሽቦ ቀፎውን የሚይዝበት ብረት ደግሞ ውሃው ወለል ላይ ስለሆነ አንዴ ይረጥባል፣ አንዴ ይደርቃል። እሱ ከተነቀለ እንጨቱ ይነሣል፤ የፊት ሽቦው ይላላል፤ ምሰሶው ወደ ኋላ ይወድቃል። የአንድ መዳፍ ስፋት በሌለው ብረት ማለት ነው።

አዲሱን ሽቦ ስትገዙ ማሽን የሚጨምቀውን ጫፍ ትታችሁ በእጅ በመፍቻ የሚገጠመውን ምረጡ። ዋጋው ይበልጣል፤ ነገር ግን ባሕር መሐል በብረት መጋዝና በሁለት መፍቻ አዲስ ጫፍ መሥራት ትችላላችሁ። ከረጅሙ ሽቦ ትንሽ የሚበልጥ አንድ ጥቅል መለዋወጫና ሁለት ጫፍ ይዛችሁ ውጡ። እ.ኤ.አ. በ2018 በተጀመረው ጎልደን ግሎብ በተባለው ብቻን ዓለምን የመዞር ውድድር የ73 ዓመቱ ፈረንሳዊ ዣን ሉክ ቫን ደን ሄደ፣ ፓስፊክ ላይ ጀልባው በማዕበል ሲጣልበት ሽቦዎቹን ከምሰሶው የሚያያይዘው ብሎን የምሰሶውን ግድግዳ እየቀደደ ወደ ታች ተንሸራተተ። ሰውዬው ምሰሶው ላይ ደጋግሞ ወጥቶ፣ ጠግኖ፣ የደቡብ አሜሪካን ጫፍ ኬፕ ሆርንን ዞሮ በ2019 ጃንዋሪ አንደኛ ሆኖ ገባ። ጥገናው የሚቻል የሆነው ዕቃው በሰው እጅ የሚፈታ ስለነበር ነው።

ሞተሩን ባጭሩ። ናፍጣ ሞተር ራሱ እምብዛም አይሞትም፤ የሚገድሉት ቆሻሻ ነዳጅና ውሃ ናቸው። ወደብ ላይ ለዓመታት ታንከር ሥር የተኛ ዝቃጭ ባሕሩ ሲያንገላታው ይነሣና ፊልትሮውን ይዘጋል። ይህ የሚሆነው ሁልጊዜ ማዕበል ሲከፋ፣ ሞተሩም አጥብቆ ሲያስፈልግ ነው። መፍትሔው ታንከሩ ላይ እጅ የሚያስገባ ክዳን ከፍቶ ማጠብ፣ ቀጥሎም ሁለት ፊልትሮ ጎን ለጎን ገጥሞ በመሐላቸው ማዞሪያ ማድረግ ነው፤ አንዱ ሲዘጋ እጀታውን ታዞራላችሁ፣ ሞተሩም አይቆምም። ሌላም ጉዳይ አለ። ሞተሩ እምቢ ሲል ቁልፉን ደጋግሞ መምታት ማርሚታውን በባሕር ውሃ ይሞላል፤ ከዚያ ውሃው ሽቅብ ተመልሶ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። ሦስት ጊዜ ሞክራችሁ ካልተነሣ የባሕር ውሃ ቫልቩን ዝጉ። ሲነሣ መልሳችሁ ክፈቱ፤ ካልከፈታችሁት ደግሞ የፖምፓው ጎማ በአፍታ ይቃጠላል። ነዳጁም ቢሆን ውቅያኖስ አያሻግርም፤ በሰዓት 2 ሊትር እየጠጣ በ5 የባሕር ማይል ፍጥነት ቢሄድ 200 ሊትር የሚወስደው 500 ማይል ነው።

ኤሌክትሪክ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። መጀመሪያ ወጪያችሁን ቁጠሩ። በ12 ቮልት፣ ጉዞ ላይ በ24 ሰዓት፤ ማቀዝቀዣ 50 አምፒር ሰዓት፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ራስ መሪ 70፣ መሣሪያዎችና ሬዲዮ 40፣ የምሽት መብራቶች 8፣ ስልክና ኮምፒዩተር 15፣ የባሕር ውሃ ማጣሪያ ለአንድ ሰዓት 10። ድምሩ 193 ነው። 400 ዋት የፀሐይ ፓነል ሐሩር ቀበቶ ላይ በቀን የሚሰጠው ከ90 እስከ 120 ነው። ጎደለ! ሰው እዚህ ላይ ተጨማሪ ፓነልና ተጨማሪ ባትሪ ይገዛል። ከዚያ በፊት ግን በነፋስ የሚሠራውን ራስ መሪ አስቡበት። ጀልባው ጀርባ ላይ ይታሰራል፤ አቅጣጫውን ከነፋሱ፣ ጉልበቱን ከውሃው ይወስዳል፤ ምንም ኤሌክትሪክ አይበላም፤ ነፋሱ ሲበረታ የበለጠ ይበረታል። 70ው ወጣና ወጪያችሁ 123 ሆነ፤ ለ400 ዋት ተቀራረበ። የሳተላይት ኢንተርኔቱን ስታርሊንክን ቀኑን ሙሉ እናበራለን የምትሉ ግን ሒሳቡን እንደገና ጀምሩ፤ ትልቁ ዓይነት ከማቀዝቀዣው በላይ ይበላል።

ሊቲየም ባትሪ ጥሩ ነው፤ ከእርሳስ ባትሪ ግማሹን ብቻ ነው መጠቀም የሚቻለው፣ ከሊቲየም ከ80 በመቶ በላይ። ነገር ግን አሮጌው አልተርኔተር አያውቀውም። እርሳስ ባትሪ እየሞላ ሲሄድ የሚቀበለውን ይቀንሳል፤ ሊቲየም ግን እስኪሞላ ድረስ የተሰጠውን ሁሉ ይውጣል፤ አልተርኔተሩም ያለ ዕረፍት በሙሉ ጉልበት እየሠራ ይቃጠላል። ሙቀቱን የሚለካ የውጭ መቆጣጠሪያ ያስፈልገዋል። ሁለተኛው አደጋ የባትሪው ጥበቃ በድንገት ሲያቋርጥ ነው፤ አልተርኔተሩ የሚሰጠው ሁሉ መሄጃ ያጣና ቮልቴጁ ዘልሎ ዳዮዶቹን ይገድላል። ስለዚህ አልተርኔተሩን ከሞተር ማስነሻው የእርሳስ ባትሪ ጋር አገናኙና ከዚያ ወደ ሊቲየሙ በዲሲ ዲሲ ቻርጀር አሻግሩ። ከሊቲየሙ አጠገብ የሚቀመጠው ፊውዝ ክላስ ቲ የሚባለው ይሁን፤ ተራው ፊውዝ እንዲህ ያለውን ጅረት መቁረጥ ያቅተዋል።

ሽቦው ደግሞ ቆርቆሮ የተቀባ መዳብ፣ ውፍረቱም በስሌት የተመረጠ ይሁን። 10 አምፒር የሚበላ ዕቃ ከባትሪው 10 ሜትር ቢርቅ፣ ሄዶ መልስ 20 ሜትር ነው። በ2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ 1.4 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፤ በ10 ሚሊ ሜትር ካሬ 0.35 ብቻ። «ዕቃው ተበላሸ» ከሚባለው ውስጥ ብዙው ሽቦው የቀጠነ ነው።

ውሃ ለሁለት ሰው፣ ለመጠጥና ለማብሰያ በቀን 4 ሊትር በነፍስ ወከፍ ቢያዝ ለ25 ቀን 200 ሊትር ይሆናል፤ ግማሹን ጨምሩበትና 300 ሊትር ቢያንስ በሁለት የተለያየ ታንከር ያዙ። ማጣሪያው ቢኖርም ይህ አይቀነስም፤ ማጣሪያው ለገላ መታጠቢያ ነው። ወደብ ውስጥ አታስነሡት፤ ዘይት የነካው ሜምብሬን አይድንም፤ ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውሃም እንዲሁ ይገድለዋል። ጋዝ ላይ ቀልድ የለም። ቡታ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ቤት ውስጥ በበር ይወጣል፣ ጀልባ ውስጥ ግን ወለሉ ሥር ወርዶ ይተኛል፤ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። ሲሊንደሩ ከታች ወደ ውጭ የሚያፈስ ቀዳዳ ባለው፣ ከመኖሪያው በተዘጋ ሳጥን ይቀመጥ። የግፊት መለኪያ ገጥማችሁ ሲሊንደሩን ክፈቱ፣ ዝጉ፣ ሩብ ሰዓት ጠብቁ፤ መርፌው ከወረደ የሚያፈስ አለ።

መልሕቁን ከአምራቹ ሠንጠረዥ አንድ ደረጃ ከፍ አድርጋችሁ ግዙ። ሰንሰለቱ 10 ሚሊ ሜትር ከሆነ ሜትሩ 2.3 ኪሎ ነው፤ 80 ሜትር 184 ኪሎ፣ ያውም አፍንጫው ላይ። ዌስትሴል ይሸከመዋል፤ ቀላል ጀልባ ግን አፍንጫውን ይደፋል፤ ለእሱ ጠንከር ያለ 8 ሚሊ ሜትር ይሻላል።

መንገዱም እድሳቱን ይወስናል። ከካናሪ ደሴቶች ወደ ካሪቢያን 2,700 የባሕር ማይል ያህል ነው፤ በኖቬምበር መጨረሻ የአውሎ ነፋሱ ወቅት ሲያልቅ ተነሥቶ፣ ነፋስን ከኋላ ይዞ በሦስት ሳምንት ተኩል ይደረሳል። ለመጀመሪያ ጉዞ ከዚህ የተሻለ የለም። ወደ እኛ ቀጠና የሚመጣው መንገድ ግን ተለውጧል። ዱሮ ዓለምን የሚዞሩ ጀልባዎች ከሕንድ ውቅያኖስ በጅቡቲ አድርገው፣ ምፅዋንና ፖርት ሱዳንን እየነኩ ወደ ስዊዝ ይወጡ ነበር። መጀመሪያ የሶማሊያ የባሕር ወንበዴዎች፣ ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በባብ ኤል መንደብ ዙሪያ በመርከቦች ላይ የተከፈተው ተኩስ፣ አብዛኞቹን በደቡብ አፍሪካ እንዲዞሩ አስገድዷል። በዚያ በኩል አጉልሃስ የሚባለው የባሕር ጅረት ከነፋስ ጋር ሲጋጭ የሚነሣው ማዕበል ሌላ ነው። ለካሪቢያን የሚበቃ እድሳት እዚያ አይበቃም፤ ወፍራም የመስኮት ክዳን፣ ከኋላ የሚጎተት ማዘግያ፣ ለእሱም በቀፎው ላይ የተበሎነ ማሰሪያ ያስፈልጋል።

ሥራው ሲያልቅ ከወደብ ወጥታችሁ ሁለት ሌሊት ባሕር ላይ እደሩ፤ ነፋሱ በርታ ባለበት፣ የብስ ሳትነኩ። ሁለታችሁም በየተራ ሦስት ሦስት ሰዓት ጠብቁ። በየሰዓቱ የወለሉን ጣውላ አንሥታችሁ ውሃ አለ የለም እዩ፤ ካለ በጣት ቅመሱት፤ ጨው ከሆነ ከቀፎው ወይም ከዴኩ፣ ጣዕም ከሌለው ከታንከሩ ነው። ሸራውን በጨለማ አሳንሱ፤ አንዱ ፊልትሮ ሞተሩ እየሠራ ይቀየር፤ ራስ መሪው ይፈታና መሪው በተጠባባቂው እጀታ ይሞከር። ያልሠራውን ሁሉ በደብተር ጻፉ። ዝርዝሩ ከአንድ ገጽ ካነሰ በደንብ አልሞከራችሁም፤ ተመልሳችሁ ውጡ።

አሁን ጥያቄ ካለ እንቀበል።